ዓሣ እየበላሁ የሞትኩበት ቅዳሜ

የሞትኩ ዕለት ሁለት ዓሣ ጥብስ በልቻለሁ። ሁለተኛውን ያዘዝኩት፣ በኋላ ሰዓቱን ስናሰላው፣ የቅሬያችን ሰዎች ድንኳኑን ከዕቃ ቤት እያወጡ በነበረበት ሰዓት ነው። ቅሬ ለማታውቁ፣ እኛ ወሎዎች ዕድራችንን ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ይለቀስለታል። ታሪኩን የምነግራችሁ እንድትስቁብኝ ነው፤ ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ስለምጠይቃችሁ ሳቃችሁን ሁሉ እዚህ አትጨርሱት።

ጌታቸው እባላለሁ። ቤቴ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ውጫሌ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት። ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ በሚኒባስ እመለሳለሁ፣ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ወንበር ላይ አሳልፋለሁ። በዚያን ጊዜ ክብደቴ ከመቶ ኪሎ ማለፉን እንጂ ልኩን አላውቅም ነበር። የሚኒባስ ረዳቶች ግን ያውቁታል፤ እኔ ካለሁበት ወንበር ላይ ሰው ደርበው አያውቁም። ሰው ስለ ውፍረቴ ከመቀለዱ በፊት እኔ ቀድሜ እቀልዳለሁ። በቀልድ የማላልፈው ነገር አልነበረኝም፣ ከአንዲት በስተቀር።

አንዲቷ ከግራ ጡቴ ሥር ነበረች። ገላዬን ስታጠብ ነው ያገኘኋት፤ ሽምብራ ታክላለች፣ ጠጣር ናት፣ አታምም፣ ብገፋትም ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ወፍራም ወንድ ጡት እንዳለው ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ፤ ጓደኞቼም ከበቂ በላይ ነግረውኛል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ፊት ቆሞ “ጡቴን እዩልኝ” ይበል? ሞት ይሻለኛል አልኩ። ይቺን ቃሌን ያዙልኝ።

ለባለቤቴ ለአስካለም አልነገርኳትም። አስካለ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያው ሰሞን ሸሚዝ ልትሰፋልኝ ብላ ለአንድ ሸሚዝ አራት ጊዜ ደረቴን ለካችኝ። አራተኛው ላይ፣ ምነው ቁጥር መያዝ አቃተሽ ወይስ እኔ በየቀኑ እጨምራለሁ ብዬ ሳቅኩባት። እሷ አልሳቀችም፤ ሜትሩን ጠቅልላ የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠች።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። በዚህ መካከል በሰው ሀብት ክፍል የምትሠራው የሺ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። የሺ ታላቅ እህቷን በጡት ካንሰር ያጣች ሴት ናት። ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ማደሪያ የሚያጡ የካንሰር ሕሙማንን የሚያስጠጋ አንድ ማኅበር አለ፤ ለእሱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሠራተኛው ከውጫሌ እስከ ሐይቅ በእግሩ ይሂድ፣ ነጋዴውና ዘመድ አዝማዱም በተረገጠው እርምጃ ልክ ይለግስ አለች። እርምጃውን የሚቆጥረው እያንዳንዳችን የያዝነው ስልክ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ሆኜ፣ የሴቶች በሽታ አይደል እንዴ፣ ሴቶቹ ይሂዱበት አልኩ። ቤቱ ሳቀ። እጄ ግን ሳላዘው ግራ ደረቴ ላይ ነበር።

የሺ አልተቆጣችም። “ጌታቸው፣ አንተ ነህ የምታስፈልገኝ” አለችኝ። “ፎቶህን አሳትመን ከፊት እንይዘዋለን። ይሄ ሰውዬ ከሄደ እኔስ ምን ያቅተኛል ይላል ሰው።”

ክብር መስሎኝ እሺ አልኩ። ፎቶው ደሴ ታተመ። አታሚው በአብዛኛው የሚሠራው ለቀብር የሚያዝ ፎቶ ነው መሰለኝ፣ እጁ የለመደውን ሠርቶ ላከልን። እንደ በር የሚተልቅ ፎቶ፣ ዙሪያው ጥቁር፣ ግራና ቀኙ ላይ አበባ፣ ከላይ ሁለት ነጭ ርግቦች፣ መሐል ላይ እኔ በፈገግታ። ከሥሬ ስሜና “ካንሰር” የሚለው ቃል በትልቁ፣ የቀረው ነገር ሁሉ በትንንሹ ተጽፏል። የመጣው ዓርብ ማታ ስለነበር ለመቀየር ጊዜ የለም። እውነቱን ለመናገር ማናችንም መቀየር አለበት አላልንም፤ ያምራል ተባባልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለሌላው ጉዞው የበጎ አድራጎት ነበር፤ ለእኔ ስለት ነበር። በልቤ ለሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ሠላሳውን ኪሎ ሜትር በእግሬ ከጨረስኩ ይቺን ነገር አጥፋልኝ ብዬ ተስያለሁ። ሐኪም ከማየት ለጻድቁ ሰማዕት መሳል ቀለለኝ፤ እሱ ሸሚዝህን አውልቅ አይልም።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አምስት ሆነን ከውጫሌ ተነሳን። ይመጣል የተባለው ቲሸርት ስላልደረሰ የሺ ሁላችሁም ነጭ ልበሱ ብላ ነበር፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ እኛ ጋቢ ደረብን። ፎቶዬን ሁለት ሰዎች ከፊት ያዙት። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት እየቀለድኩ ሄድኩ፣ ሁለተኛውን ዝም ብዬ። ሦስተኛው ሲጀምር ተረከዜ ውኃ ቋጠረ፣ ከፊቴ ዳገት ታየኝ።

ጎኔ የሚሄደው ሰይድ ነበር፤ የመሬት ቀያሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ገደል ሲወጣና ሲወርድ የሚውል፣ ላብ የማያውቅ ሰው። ስልኬን አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩ። የእኔንም እርምጃ አንተው እርገጥልኝ አልኩት።

“ወላሂ ጌቾ፣ አንተ ሰው ልታዋርደኝ ነው” አለኝ። “የሺ ብትጠይቀኝስ?”

“ሆዱን ቁርጠት ይዞት ከኋላ ቀስ እያለ ይመጣል በላት። ስልኩ ከጠራ ደግሞ አታንሳ።”

“አስካለ ብትደውልስ?”

“እሷም ብትሆን አታንሳ።”

ሰይድ በቢሮው ውስጥ አደራ በመብላት የሚታወቅ ሰው ነው። ይቺን አንዷን አደራ ግን ጠበቃት።

ከአንድ ባሕር ዛፍ ጀርባ ተደብቄ ሁሉም ካለፉ በኋላ ሚኒባስ አስቆምኩ። ዳገቱ ላይ ጓደኞቼን ስንደርስባቸው ጋቢዬን ተከናንቤ አጎነበስኩ። ቀና ስል የራሴን ፎቶ በመስኮት አየሁት። እሱ ፈገግ ብሎ በእግሩ ይሄዳል፣ እኔ አጎንብሼ በመኪና አልፈዋለሁ። ትንሽ አፈርኩ፤ ብዙ አይደለም።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሐይቁ ዳር ሆኜ ጊዜውን አሳልፋለሁ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲገቡ ከኋላ እቀላቀላለሁ፣ ተጨብጭቦልኝ ቤቴ እገባለሁ። ከተማው ውስጥ ሰው ሳያየኝ በባጃጅ ወደ ውኃው ወረድኩና ከዓሣ ጠባሾቹ አንዱ ዘንድ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ይታያል። ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ስለት ያፈረሰ ሰው ከባለ ስለቱ ጋር እየተያየ አይበላም። ከሁለተኛው ዓሣ በኋላ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ሣሩ ላይ ጋደም አልኩ።

አሁን እኔ ባልነበርኩበት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሰይድ ደጋግሞ አጫውቶኛል።

የአምባሰል ገበሬ ነጭ የለበሰ፣ ነጠላ ወገቡ ላይ ያሰረ፣ ፎቶ ከፊት ያስያዘና በዝምታ ዳገት የሚወጣ ሰው ሲያይ ምን ያስባል? የመንግሥት ሠራተኛ መኪና ሞልቶለት በእግሩ የሚሄደው ምን ገጥሞት ነው? መጀመሪያ አንድ ገበሬ ሞፈሩን አስቀምጦ ከኋላ ተከተላቸው። ከዚያ ጎረቤቱ። ለቅሶተኛን መንገድ ላይ አቁሞ ማን ሞተባችሁ ማለት ነውር ነው፤ ዝም ብሎ መሸኘት ነው ወጉ። ማንበብ የሚችሉት ስሜንና በሽታዬን ከፎቶው ላይ አንብበው ለማይችሉት ነገሩ። አንዲት አሮጊት፣ እማማ ጦይባ ይባላሉ፣ ከመንደራቸው ወጥተው እየተደገፉ ረጅም መንገድ ሸኙ፤ ፎቶዬን እያዩ፣ ምነው እንዲህ የሚያምር ሰው እያሉ አለቀሱልኝ። በሕይወቴ ያምራል ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጓደኞቼ ደግሞ ደስታቸው ወሰን አጣ። ሕዝቡ ዓላማችንን እንዲህ ተረዳው ብለው ነው። የሺ እንባዋ መጥቶ፣ ጌታቸው ይህን ሳያይ ሆዱን አመመው ስትል፣ ሰይድ ሁለቱን ስልኮች ይዞ መሬት መሬት ያያል።

ከሸኚዎቹ አንዱ ሐይቅ ያለች እህቱ ዘንድ ደወለ፤ እህትየው የቅሬያችን ሰው ናት። ወሬው ከጓደኞቼ እግር ቀድሞ ቤቴ ገባ። አስካለ ስልኬ ላይ ደወለች። ደግማ ደወለች። ሰይድ ኪሱ ውስጥ ስልኬ እየተንቀጠቀጠ ዳገቱን ወጣ። አላነሳም።

እኔ ስነቃ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ያመለጠኝ መሰለኝና እየተጣደፍኩ ወደ ሰፈሬ ሄድኩ፣ ሰው እንዳይለየኝ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ። ከበራችን ፊት ለፊት ካለችው ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል። ሜዳዋ የእኛም የጎረቤታችን የአባ ይማምም ናት፤ አባ ይማም ታመው ሰንብተዋል። ልቤ ክፉኛ አዘነ። ድንኳን ሲተከል አይቶ የሚያልፍ ሰው እኛ ዘንድ ሰው አይባልም፤ ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ካገኘሁት ገመድ አንዱን ይዤ ሳብኩ።

ከጎኔ ገመድ የያዘው ሰው ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው፣ አላውቀውም። በለሆሳስ፣ አባ ይማም ናቸው ወይ አልኩት።

“አባ ይማምስ ያውና ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ” አለኝ። “አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነው አሉ። ካንሰር ይዞት ኖሮ ዛሬ ውጫሌ መንገድ ላይ ወደቀ። አስከሬኑን በእግር ነው የሚያመጡት።”

ለምን በመኪና አያመጡትም አልኩ።

“በጣም ወፍራም ነው አሉ።”

ምስኪን አልኩ። እመኑኝ፣ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ገመዴን ጠበቅ አደረግኩ። ያን ጊዜ ከሸራው ወዲያ የአስካለ ድምፅ ተሰማኝ።

አስካለ የማታለቅስ ሴት ናት። የገዛ እናቷ ለቅሶ ላይ ጥግ ይዛ ነው የተቀመጠችው። አሁን ግን እየጮኸች ነው፣ ሙሾ አውጪ እንኳ አላስፈለጋትም።

“ነክቼያት ነበር” ትላለች። “እጄ ነክቷት ነበር፣ ከጡትህ ሥር። አንድ ሸሚዝ ብዬ አራት ጊዜ ለካሁህ፣ አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ይነግረኛል ብዬ። አንተ ሳቅክብኝ። ታፍራለህ ብዬ እኔም ዝም አልኩ። በዝምታዬ ገደልኩህ፣ ጌታቸው።”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያለቅሱት ለሌላ ሰው ነበር። ገመዱ ከእጄ ወጣ። እኔ የያዝኩት የዋናው ምሰሶ ገመድ ኖሮ ድንኳኑ ከነምሰሶው በለቅሶተኛው ላይ ተኛ። ከሸራው ሥር ጩኸት፣ የወንበር መንኮታኮት፣ የአንድ ሰው ሳል። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየዳኹ ሲወጡ ከፊታቸው የሚያገኙት እኔን ነው፣ ነጭ ተከናንቤ፣ ቆሜ። አባ ይማም አስተግፊሩላህ ብለው ተመልሰው ሸራው ሥር ገቡ።

አስካለ መጨረሻ ወጣች። አየችኝ። ሰው ሁሉ ታቅፈዋለች ወይም ትወድቃለች ብሎ ይጠብቃል። አላቀፈችኝም። መጥታ ጋቢዬን ገለጠችና ያንን ሁሉ ሕዝብ ከቁብ ሳትቆጥር እጇን ግራ ደረቴ ላይ አሳረፈች። ሳትፈልግ ሳትዳብስ ቦታዋን አገኘቻት።

“እዚሁ ናት” አለች።

“አዎ” አልኳት።

“ለምን አልነገርከኝም?”

ለሁሉ ነገር ቀልድ ያለኝ ሰው ነኝ። በዚያች ሰዓት አንድም አልመጣልኝም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ስለ ጡቴ በሰማበት ሜዳ ላይ፣ አፌ ዓሣ እየሸተተ።

ጓደኞቼ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ፎቶዬ ከፊት፣ ከኋላቸው መንገዱን የሞላ የአምባሰል ሰው። ፎቶውን የያዙት ሁለቱ ሰዎች እኔን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ሰይድ ወደ እኔ መጥቶ ስልኬን ሰጠኝ፤ አላነሳሁም፣ እንዳልከኝ አለኝ።

የቅሬያችን ዳኛ አያ ሁሴን የሸራውን አቧራ ከልብሳቸው እያራገፉ ፎቶው ያመጣውን ስሕተት ሁሉ ከሥሩ ሰሙ። መቼም ይቀጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። “የተሠራው ንፍሮ ይበላ” አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ድንኳንህን ዛሬ ወስደሃል። ቅሬው ለአንድ ሰው ሁለቴ አይተክልም። ሰኞ ደሴ ሄደህ ታከም፤ ካሁን በኋላ ለመሞት ፈቃድ የለህም።” ሕዝቡ ንፍሮውን በላ። እኔም በላሁ፤ የራሴን ንፍሮ የቀመስኩ ሰው ነኝ።

ሰኞ ከአስካለ ጋር ደሴ ሄድን። ሐኪሙ ሸሚዝህን አውልቅ አለኝ፣ አወለቅኩ፣ አልሳቀም። ወንድ ላይ እምብዛም አይታይም እንጂ ይኖራል አለን። ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነበር፤ ገና ሳይሰራጭ ደርሰንበታል ተባልን። ቀዶ ጥገናውና መድኃኒቱ አዲስ አበባ ላይ ሆነ፣ ወራት ፈጀ። እዚያ ዘመድ ስላልነበረን ያረፍነው የሺ ገንዘብ ያሰባሰበችለት ማኅበር ቤት ነው። ለሌላ ሰው ተብሎ፣ ያውም በሰይድ እግር፣ በተለመነ ገንዘብ በተገዛ አልጋ ላይ እኔው ተኛሁ። የመጀመሪያዋን ቀን አልጋው ላይ ሆኜ ለየሺ ደወልኩና ስለ ሚኒባሱ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ያን ዕለት የእርምጃዬን ቁጥር ስታይ አውቃው እንደነበር ነገረችኝ፤ በሰው ልጅ ታሪክ ሆዱን ቁርጠት ይዞት እርምጃው የፈጠነ የለም አለች።

አሁን ግራ ደረቴ ላይ ጠባሳ አለኝ፤ ጡት የለም። በቅሬያችን ስብሰባ ወንዶቹን አንድ በአንድ፣ ደረትህን ዳብሰህ ታውቃለህ እያልኩ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። ሸሚዜን እከፍትለታለሁ፣ ሳቁን ያቆማል። ማፈር የሚባለውን ነገር ያቺ ሜዳ ላይ ከድንኳኑ ጋር አብሬ ጣልኩት፣ የወሰደውም ሰው አልመለሰልኝም።

በዓመቱ እንደገና ሄድን። ያንኑ ፎቶ ያዝን፤ ርግቦቹን እንኳ አላጠፋናቸውም። በዚህኛው ጊዜ ሠላሳውን ኪሎ ሜትር በገዛ እግሬ ሄድኩ፣ እያነከስኩም ቢሆን፣ ስለቴንም ከፈልኩ። ዳገቱን ስንወጣ እማማ ጦይባ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከመንደራቸው ወጥተው ጠበቁን። ሰይድ እሳቸው ናቸው ቢለኝ፣ ደግመው እንዳያለቅሱልኝ ጓደኞቼን ቀድሜ ሄጄ የእማማን ትከሻ ያዝኩ። እማማ፣ ባለፈው ያለቀሱለት እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም አልኳቸው።

ፎቶውን አዩ። እኔን አዩ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ደግመው አዩኝ፤ እንባቸው እንደ አምናው መጣ፣ ትንሽም ተቆጡ።

“ታዲያ ምናለ ብትነግሩን፣ ልጄ?” አሉኝ።

እጠይቃችኋለሁ ያልኳችሁ ይቺኑ ናት። አስካለ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ፣ እማማ ጦይባ ጠይቀውኝ መልስ አጣሁ። ከሸሚዛችሁ ሥር የያዛችሁት ነገር ካለ፣ ከእናንተ ጎን የተኛው ሰው እጁ አስቀድሞ ነክቶት፣ እናንተን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ሜትሩን እየጠቀለለ ሊሆን ይችላል። ምናለ ብትነግሩት?